ጉሎ በአጥራችን ሥር ሳለ

በሳይንስ ተማሪዎች መካከል ሰሞኑን ከሚሰማው ክርክር አንዱ ፕላስቲክን ከአልጌ ዘይት ስለ መሥራት ነው። አልጌ በኩሬ ውኃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምናየው ሲሆን፣ ከአንዳንዱ ዓይነት ዘይት ይገኛል። ክርክሩ ደስ ያሰኘናል። ዳሩ ግን አልጌን በብዛት አርብቶ፣ ከውኃው ለይቶ፣ ዘይቱን አውጥቶ መሸጥ በዋጋ ከፔትሮሊየም ጋር ለመወዳደር ባለጠጎቹን አገሮች እንኳ ያቃተ ሥራ ነው። እኛ ለዕረፍት ወደ ደብረ ወርቅ ስንሄድ፣ ይልቁንም ወደ ዓባይ ቆላ ወረድ ስንል፣ በየአጥሩ ሥር የምናገኘው ሌላ የዘይት ተክል አለ፤ ይኸውም ጉሎ ነው።

እናቶቻችን ፍሬውን ቀጥቅጠው ምጣድ ያስሱበታል፤ ቆዳ ፋቂውም ቆዳ ያለሰልስበታል። የፈረንሳይ ኬሚስቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት ከዚሁ ዘይት ናይሎን 11 የተባለውን ፕላስቲክ ሠርተውበታል። የጉሎ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ የዘይቱም አብዛኛው ክፍል ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው። 18 ካርቦን ያለው የአሲዱ ሰንሰለት ተዘጋጅቶ በብርቱ ሙቀት ሲሰበር አንደኛው ስባሪ 11 ካርቦን ይዞ ይቀራል፤ የፕላስቲኩ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ለከባድ መኪና የአየር ፍሬን ቱቦና ለነዳጅ ቱቦ ያገለግላል። በደብረ ማርቆስ መንገድ ጭኖ የሚያልፈው መኪና ሆዱ ውስጥ ጉሎ ይዞ እንደሆነ ማን ያውቃል!

አንዳንድ ወዳጆቻችን ግን ከተክል የተሠራ ፕላስቲክ ሁሉ የሚበሰብስ ይመስላቸዋል። ስሕተት ነው። ናይሎን 11 የሚወደደው ስለማይበሰብስ፣ ዘይትና ሙቀት ስለሚችል ነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ስለ ጸደቀ ጉሎ ይተካዋል ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ለገበያው ዘንቢል ይበቃል።

ከዚህ የሚከብደው የገበሬው ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወላይታ ገበሬዎች ጉሎን ለነዳጅ እንዲዘሩ ውል ገብተው፣ እህል ይዘሩበት ከነበረው መሬት ከፍለው ሰጡ፤ የተነገራቸው ጥቅም ሳይገኝ ቀረ፣ የዓመቱ እህልም አመለጣቸው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ጤፉን ነቅለህ ጉሎ ዝራ ብለን ለመስበክ መብት የለንም። መብታችንም ግዴታችንም መመርመር ነው።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ሲሰጡን የአገራችን ጉሎ ከሌላው ጎን ይቆጠርልን። የደጋው ፍሬ ከቆላው በዘይት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? መርዛሙ ፋጉሎ በምን መንገድ ከብት የማይጎዳ ይሆናል? ይህን ለመጀመር ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሣሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ መጭመቂያና ትዕግሥት ያለው ሊጀምረው ይችላል።

ተማሪዎችም ከዕረፍት ስንመለስ ከየመንደራችን አንድ አንድ እፍኝ ፍሬ በወረቀት ጠቅልለን፣ የተለቀመበትን ስፍራ ጽፈን እናምጣ። ፍሬው መርዝ ነውና ከስንቅ ጋር አይታሰር፤ ሕፃናትም እጅ አይግባ።