ጥንዚዛዋ ምን አጠፋች?

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን እማማ የጓሯቸው የኮክ ዛፍ ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ማር የመሰለ ነገር ሲያንጠባጥብ አዩና ገበያ ወረዱ። ይዘው የተመለሱት በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ መርዝ ነው። ስም የለው፣ መጠን የለው! ሻጩ «ሁሉንም ይፈጃል» ብሏቸዋል። አልዋሸም፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

ዛፉን የወረረው ክሽክሽ ነው። ይህ ተባይ ያለ ወንድ ይወልዳል፤ ልጁም በቀናት ውስጥ ራሱ ወላጅ ይሆናል። ታዲያ እስካሁን አገሩን ያልሸፈነው ለምን ይመስልዎታል? ከሚበሉት አንዷ ጀርባዋ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ጥንዚዛ ናት። እጯ አድጋ እስክትጨርስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች። ደመወዝ አትል፣ አበል አትል! ሁሉን የሚፈጀው መርዝ ግን እሷንም ይፈጃታል። የተረፈው ክሽክሽ ወዲያው ይራባል፤ እሷ እንደሱ ቶሎ አትተካም።

አሜሪካኖች ይህን በኪሳራ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጥጥ የመሰለ ሌላ ተባይ የካሊፎርኒያን ብርቱካን ሊጨርሰው ደረሰ። አልበርት ኮቤሌ የተባለ ባለሙያ በ1888 አውስትራሊያ ተልኮ፣ ተባዩን የምትበላ ጥንዚዛ አግኝቶ ላከ። በ129 ጥንዚዛዎች የተጀመረው እርባታ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተባዩን ልክ አስገባው። በ1940ዎቹ ደግሞ ዲዲቲ መጣ። ገበሬው ረጨ፣ ጥንዚዛዋ አለቀች፣ የተረሳው ተባይ ተመልሶ ጉድ አፈላ።

እኛስ? በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጥቷል። አዋጁ ወጥቶ መርዙ በውኃ ፕላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጥ ከሆነ ተቆጣጣሪው የት ነው ያለው? የእማማን ኮክ የሚበሉት እኮ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው!

ባለሥልጣኖቻችን መርዝ ከማደል በፊት ገበሬው ወዳጁን ከጠላቱ እንዲለይ ያስተምሩት። እርስዎም ቢሆኑ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ጥንዚዛዋ ካለች ጥቂት ይታገሡ። ግንዱን የሚወጣ ጉንዳን ካለ ያግዱት፤ ለጣፋጩ ጠብታ ሲል ክሽክሹን የሚጠብቀው እሱ ነው። ቅጠሉን በውኃ በኃይል ማጠብም ብዙውን ያራግፋል። እርግጥ በአንድ ቀን አይጸዳም።

ግን ዘበኛን ገድሎ «ሌባ ገባብኝ!» ብሎ መጮህ ምን የሚሉት ነው?