አደይ ብቻ ነው እንዴ የሚያብበው?

መስከረም በጠባ ቁጥር የመጽሔታችን የግጥም ገጽ ቢጫ ይሆናል። አንዱ «አደይ ፈነዳ» ይላል፤ ሌላው «ምድሪቱ አደይ ለበሰች» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ አደይን ከፍቅረኛው ጥርስ ጋር ያመሳስላል። (ቢጫ ጥርስ ማንን እንደሚያማልል ገጣሚው ይንገረን።) እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ አበባውን አይታችሁታል ወይ?

እስቲ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ውረዱ። በእግር ነው የምላችሁ። ባሕር ዛፉ ሥር ብዙ አትጠብቁ፤ እሱ ከሥሩ ሌላ እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድም። ሜዳው ላይ ግን ጎንበስ በሉ። ያ ሁሉ ቢጫ አደይ አይደለም። መጭ አለበት፤ ገበሬው ከማሳው እየነቀለ የሚጥለው የኑግ ዘመድ። ጥቅምት ላይ ወደ ጎጃም ስትሄዱ በአውቶቡስ መስኮት አይታችሁ የገጠማችሁለትም ማሳ ራሱ ኑግ ነው፤ ዘይት ሊጨመቅ የተዘራ እህል! አደይ የምንለውስ ቢሆን መች አንድ ዝርያ ሆነና? በርካታ ዘመዳሞች ናቸው በአንድ ስም የሚጠሩት። ከሣሩ መካከል ከብት የሚወደው ማገጥ አለ። አጥር ላይ ቀጋ አለ፤ የገዛ አገራችን ጽጌረዳ፣ አበባው ነጣ ያለ። እኛ ግን «ቀይ ጽጌረዳ» እያልን ከባዕድ ልብ ወለድ እንበደራለን።

ጸደይ የምትሉትም ነገር አለ። በባሕረ ሐሳብ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ዘመነ ጽጌ እያለን የፈረንጅን ወቅት ምን አስመኘን?

«ግጥም የዕፅዋት ትምህርት አይደለም» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ይሁን። ግን ያላየኸውን አበባ እንዴት አድርገህ ታሳየኛለህ? የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሥራው በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በ8 ቅጽ ተጠናቋል፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ የዝርያው ስም በላቲን። ሳይንቲስቶቹ ድርሻቸውን ተወጥተዋል። የአማርኛው ስም ግን አብዛኛው ያለው በእረኛውና በባልቴቷ አፍ ነው፤ ንብ የቱን እንደምትቀስም፣ ላም የቱን እንደማትነካ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቋንቋ እናጠናለን የምንል እኛ ካልጠየቅናቸው ማን ይጠይቅልን፤ የሕክምና ተማሪው?

ለሚቀጥለው ዕትም የአበባ ግጥም የምትልኩ ሁሉ፣ አደይ የሚል ቃል የሌለበት ይሁን። ስሙን የነገራችሁን ሰው መንደርም ከግርጌው ጻፉልን።