ጄኔሬተር ብቻውን ዋስትና አይሆንም

መብራት ሲጠፋ የሚደርሰውን ኪሳራ ስናሰላ አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው ሰዓት ነው፤ የቆመ ማሽን፣ ያልተሸጠ ዕቃ፣ ሥራ ፈትቶ የዋለ ሠራተኛ። ይህ ስሌት ለብረትና ለጨርቅ ነጋዴ ይበቃ ይሆናል። ንብረቱ ሕይወት ላለው ባለሀብት ግን አይበቃም። የእርሱ ጥያቄ መብራቱ ስንት ሰዓት ጠፋ ሳይሆን፣ ከንብረቴ ቀድሞ የሚሞተው የትኛው ነው የሚል መሆን አለበት። ለዚህ የጨዋማ ውሃ ዓሣና ኮራል የሚረባበት አኳሪየም ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊየንስ ከተማ ሲመታ፣ በከተማይቱ የሚገኘው የአውዱቦን አኳሪየም ሕንፃ ብዙም አልተጎዳም ነበር። መጠባበቂያ ጄኔሬተርም ነበረው። ይሁን እንጂ ጄኔሬተሩ ሥራ አቆመ፤ ሠራተኞቹም ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። ሲመለሱ ከ10,000 ገደማ ዓሦች አብዛኞቹ ሞተው ነበር። ከተረፉት መካከል ግን ፔንግዊኖቹና አንድ ግዙፍ የባሕር ኤሊ ይገኙበታል። እነዚህ የሚተነፍሱት ከውሃው ሳይሆን እንደኛው ከአየር ነው። ገዳዩ ማን እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አያስፈልግም።

ፓምፕ ሲቆም የውሃው ገጽ ይረጋል፤ ኦክስጅንም ከአየር ወደ ውሃው መግባቱ ይዳከማል። ጨዋማና ሞቃት ውሃ ደግሞ ከተፈጥሮው የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ዓሣው፣ ኮራሉ፣ ውሃውን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ሁሉ ያችኑ ይሻማሉ። ዓሣ በበዛበት ገንዳ ጥቂት ሰዓታት ይበቃሉ። ሙቀቱ የሚለወጠው ቀስ ብሎ ነው። ኮራል ብርሃን አጥቶ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚጨነቀው ለመብራቱና ለማሞቂያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መብራት ሲቋረጥ በራሱ የሚነሳ፣ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ቀዳሚው ግዢ ይሁን። እርሱ ከሌለ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። ዓሦቹን መመገብ ማቆም ያስፈልጋል፤ የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል፤ አሞኒያም ይጨምራል። ብርድ ከሆነ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ነው፤ ላዩ ግን አየር እንዲያገኝ ክፍት ይተው። ሙቀት ከሆነ በረዶ የያዘ የታሸገ ጠርሙስ ማስገባት ይቻላል። መብራት ሲመለስም ጥንቃቄ ያሻል። ለሰዓታት ተዘግቶ የቆየ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ውሃ ተበላሽቶ ስለሚሆን፣ ደፍቶና አጥቦ መክፈት እንጂ እንዳለ ወደ ገንዳው መልቀቅ የተረፈውን መግደል ነው።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ሀሁ ይመጣል። የመጀመሪያዋ ዋት ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል። አየር ለመንፋት የምትበቃው ጥቂት ዋት ሙሉውን ንብረት ታቆያለች፤ ማሞቂያውንና መብራቱን ለማስነሳት የሚጨመረው ብዙ መቶ ዋት የሚያስገኘው ጥቅም ግን እያነሰ ይሄዳል። ገዢው የሚሮጠው በተቃራኒው ነው፤ ትልቁን ጄኔሬተር ገዝቶ ትንሿን ባትሪ ይንቃል።

ጄኔሬተር ነዳጅ፣ ዘይትና የሚያስነሳው ሰው ይፈልጋል። ችግር ሲመጣ ደግሞ ለሁሉም በአንድ ቀን ይመጣል። በዳላስና በሂውስተን የሚኖሩ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. የፌብሩዋሪ 2021ን የቴክሳስ ብርድ አይረሱትም። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ፤ የጅምላ ኤሌክትሪክ ዋጋ በሜጋዋት ሰዓት እስከ ተፈቀደው ጣሪያ እስከ 9,000 ዶላር ወጣ። ለኃይል ማመንጫዎቹ ጋዝ የሚያቀርቡ ተቋማትም ራሳቸው መብራት ተቋርጦባቸው ነበር። አንዱ በሌላው ላይ የተደገፈ መጠባበቂያ፣ መጠባበቂያ ሊባል አይችልም።

ባትሪ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው። ለሦስት ቀን መቋረጥ ጄኔሬተር የግድ ነው። ነገር ግን ባትሪው ጄኔሬተሩ እስኪነሳ፣ ነዳጁ እስኪገኝ፣ ሠራተኛው እስኪደርስ ያለችውን ጊዜ ይገዛል። ሞትም የሚደርሰው በዚያችው ጊዜ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ በታደለ ጊዜ፣ የእኛም ነጋዴ ጄኔሬተር ፍለጋ ተራውጧል። የጫጩት መፈልፈያ፣ የአበባ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ የወተት ማከማቻ ያለው ሁሉ ግን ከግዢው በፊት አንድ ወረቀት ያውጣ። ንብረቱን በሚሞትበት ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱም አጠገብ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ለማቆየት ስንት ዋት እንደሚበቃው ያስፍር። ከዚያም መብራት ባለበት ቀን ቆጣሪውን ራሱ አጥፍቶ ይሞክረው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ዋጋውም ከአንድ ሌሊት ኪሳራ ያንሳል።