ክራክ ነፃ አይደለም

አጎቴ መርካቶ፣ አመዴ ገበያ አጠገብ የጨርቃጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዱቤ ሲመዘግቡ የኖሩት በደብተር ነበር። ልጆቻቸው «ዘመኑ ተለውጧል» ብለው ኮምፒውተር ገዙላቸው። ማሽኑን ያዘጋጀው ልጅ ከሒሳብ ፕሮግራሙ እስከ መጻፊያው ሁሉንም በክራክ፣ ማለትም ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ ጫነ፤ ክራኩ እንዲሠራም ጸረ ቫይረሱን አጠፋው። ሦስት ዓመት ሠራ። አንድ ሰኞ ጠዋት ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈው፣ በእንግሊዝኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞልቶት ተገኘ። ባለሙያ ተጠራ። «ፋዘር፣ ፎርማት ከማድረግ ውጪ አማራጭ የለም» አለ። አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ዱቤዬስ?»

ያቺ ጥያቄ እስካሁን ታንገበግበኛለች።

መርካቶ ጣቃ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ይዳስሳል፣ ክሩን ይመዛል፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያያል። በርበሬ የሚገዛው ዛላውን ሰብሮ ያሸታል። ምናለሽ ተራ ፈትተው የማይገጥሙት ዕቃ የለም። ይህን ያህል ዓይን ያለው ገበያ የዱቤውንና የሽያጩን ምስጢር የሚያስረክበው ግን ማን እንደሰበረው ለማይታወቅ ፕሮግራም ነው! ቁልፍ የሰበረ ሰው ምን ጨምሮበት እንደሄደ ማን ያውቃል? በክራክ የሚሠራ ማሽን ብዙ ጊዜ አፕዴቱ ተዘግቶ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያተራምስ፣ መከላከያው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ የተመታው አፕዴቱን ያላገኘው ነው። በሕግም ቢሆን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ሰጥቷል። በገዛ ሱቃችን ሌባ ሆነን የምንቀመጠው ለምንድን ነው?

ክራክ የማያስፈልጋቸው፣ በነፃ የሚገኙና ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ኦፕን ሶርስ የሚባሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ሊብሬ ኦፊስ አለ፤ ደብዳቤም ሠንጠረዥም ይሠራል። ለሒሳብ ግኑካሽ አለ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ቢያበቃም፣ ወደ 11 መሻገር ያልቻለ አሮጌ ማሽን ሁሉ ለቁራሌው አይገባም፤ ሊኑክስ ሚንት የተባለ የዊንዶውስ ምትክ ቢጫንበት ገና ዓመታት ያገለግላል። ለማስታወሻ ደግሞ ጆፕሊን አለ። ኤቨርኖት የተባለው የማስታወሻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በነፃ የሚጠቀሙ ሰዎችን በ50 ማስታወሻ ወሰናቸው። የመርካቶ ነጋዴ 50 ዱቤ በስንት ቀን ይሰጣል? ጆፕሊን ግን ጽሑፉን በራስህ ማሽንና ስልክ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስትፈልግ ሰብስበህ ይዘኸው ትወጣለህ።

«ለአማርኛ አይሆንም» የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። በአማርኛ ላይ የደረሰውን ያደረሰው የተዘጋው ሶፍትዌር ነው! በ1980ዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባና ከዚያ መከራ መውጫ ተገኘ። ዛሬ አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ቅርጽ ክፍት ነው፤ የመተየቢያው ኪማንም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ክፍት ሆኗል። «ለትልቅ ሥራ አይታመንም» ለሚለኝ ደግሞ፦ የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ኦፕን ሶርስ ሥርዓት ላይ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን መረጃ የሚሰበስበው በዲኤችአይኤስ 2 ነው፣ እሱም ኦፕን ሶርስ። የሕዝብ አሻራ የታመነበት መንገድ ለአጎቴ ዱቤ ያንሳል?

በፍላሽ ሶፍትዌር እየጫናችሁ የምታድሩ ልጆች፣ እንጀራችሁን ልቀማችሁ አልመጣሁም። ሊኑክስን ገልብጦ መሸጥ ፈቃዱ ራሱ የሚፈቅደው ነው፤ የመጫኛ፣ የማስተማሪያ፣ የጥገና ዋጋ ጠይቁ፣ ማንም አይከሳችሁም። ኦፕን ሶርስ ቫይረስ አይነካውም ብላችሁ ግን አትሽጡ። ባክአፕ ያልያዘ ሰው በየትኛውም ይከስራል፤ ይህንንም ለደንበኛችሁ የመንገር ግዴታ አለባችሁ።

አጎቴ ዱቤውን ከትዝታ እየለቀሙ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ በራሱ እግር መጥቶ «ይህን ያህል አለብኝ» አላቸው፤ አንዳንዱ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቷል። ቅዳሜ ማታ ሚንትና ጆፕሊን ጫንኩላቸው። የመጀመሪያውን ስም በአንድ ጣታቸው ጽፈው ጨረሱና «ይሄስ ቢጠፋ?» አሉኝ። ቅጂውን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ፤ አንዱን ቤት እንዲያስቀምጡት ሰጠኋቸው፣ ሌላውን እኔ ይዤው ወጣሁ።