ሲታመም እናዋጣለን፤ ጤነኛ ሳለ ግን አንከፍለውም

ባለፈው ቅዳሜ ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ አዲስ አልበም ከፍቷል፤ ከወጣ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ተማሪ አዝማቹን እየተከተለች ታንጎራጉራለች። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆሞ "እስቲ ሁለተኛውን መልሰው" ይላል። ስወርድ ሾፌሩን አልበሙን ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት። "ከየት ይመጣል? ከቴሌግራም ነዋ!" አለኝ፤ ውኃ ከየት ትቀዳለህ ብዬ የጠየቅኩት ያህል ገርሞት።

ማታ ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ሌላ መልእክት ጠበቀኝ። ለብዙ ዓመት የሰማነው አንድ ሙዚቀኛ ታሟል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለጥፏል፤ "የአቅማችሁን" ይላል። እኔም የአቅሜን ላክሁ። ከላክሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የዚህ ሰው ዘፈኖች ስልኬ ውስጥ አሉ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምቻቸዋለሁ፤ በደስታም በኀዘንም አብረውኝ ነበሩ። አንዱንም ግን ገዝቼው አላውቅም። ለዚህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ የሰጠሁት አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ዋጋውን ሳልከፍለው ቆይቼ ምጽዋት ሰጠሁት።

ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር ሲነሳ አንዱ "ወንጀል ነው" ይላል፣ ሌላው "እኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም" ይላል፣ ሁለቱም ሳያነቡት ይለያያሉ።

ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ለግጥም ደራሲው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለዘፋኙና ድምፁን ቀርፆ ላሳተመው ለየራሳቸው መብት ይሰጣል። የደራሲው መብት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ማለትም አባት ሠርቶ ለልጆቹ እንደሚያወርሰው ቤት ያለ ንብረት ነው።

ይኸው አዋጅ አንቀጽ 9 ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አንድ ግለሰብ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ፣ ለራሱ የግል አገልግሎት ብቻ፣ አንድ ቅጂ ቢወስድ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ይህን የሰማ ሰው "በቃ ነፃ ወጣን" ሊል ይችላል። አይቸኩል። ፈቃዱ ገደብ አለው፤ ቅጂው የሥራውን መደበኛ ገበያ የሚያበላሽ ወይም የባለመብቱን ጥቅም ያለአግባብ የሚጎዳ ከሆነ አይሠራም። አንድ ሰው አንድ ቅጂ ቢያወርድ ገበያ ይበላሻል? አይበላሽም እንበል። የከተማው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ሲያወርድስ? ያን ጊዜ ገበያ የሚባለው ነገር ራሱ አይኖርም። እዚህ ጋ ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ።

ክርክር የማያሻው ሌላው ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ሜሞሪ የሚሞላ ሱቅ "የግል አገልግሎት" ሊል አይችልም። አልበም በወጣ በሰዓታት ውስጥ ለብዙ ሺህ ተከታይ የሚለቅ፣ ከሥሩም "ለማስታወቂያ በውስጥ መስመር ያናግሩን" ብሎ የሚጽፍ ቻናልም እንዲሁ። አዋጁ በ1996 ሲወጣ አንቀጽ 36 ላይ መብቱን ሆን ብሎ ለጣሰ ሰው ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ይዤ እኛ ሰፈር ልውሰዳችሁ። አየር ጤና ታክሲ ተራ አጠገብ አንድ ወጣት አለ። የሱቁ ስፋት ከአንድ አልጋ ብዙም አይበልጥም። የስልክ ከቨር፣ ቻርጀር፣ ኢርፎን ይሸጣል፤ መስታወቱ ላይ "ዘፈን፣ መዝሙር፣ ነሺዳ፣ ፊልም እንጭናለን" ብሎ ለጥፏል። አንድ ቀን ቻርጀር ስገዛ ጠየቅኩት፤ "ለመሆኑ የዘፈኑ ባለቤቶች አያስጨንቁህም?" አልኩት። ሳቀ። "ብራዘር፣ እኔ ባልጭነው ራሱ ያወርደው የለ? እኔ የማስከፍለው የጉልበቴን ነው" አለኝ።

ይህን ልጅ 5 ዓመት ማሰር ፍትሕ ነው ብዬ አላምንም። የሚጭንላቸው ሰዎች የቀን ሠራተኞች፣ ዳታ ለመግዛት የሚሳሳ ደመወዝተኞች፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች ናቸው። እሱ ላይ የሚበረታ ሕግ ሙዚቃ እያጫወተ ቢራ የሚሸጠውን ትልቅ ቤት ዝም ካለ፣ ሕጉ ደካማ ላይ ብቻ የሚበረታ ሕግ ይሆናል። የ2007ቱ ማሻሻያ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ የከፈተው ከሙዚቃ ጥቅም የሚያገኙ ንግዶች እንዲከፍሉ ነው። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት ይህ ነው፦ ሆቴሉ፣ ባሩ፣ ጣቢያው፣ ትልቁ ቻናል መጀመሪያ፤ የአየር ጤናው ልጅ መጨረሻ።

ግን "ሕጉ ማንን ይይዛል?" ብሎ መጠየቅና "እኔ ምን ማድረግ አለብኝ?" ብሎ መጠየቅ ይለያያሉ። ይህን ልዩነት ከራሳችን የሙዚቃ ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ የለም። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ያንን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። አምሃ ሪከርድስ እንዲህ ተጀመረ። ዛሬ ዓለም ሁሉ "የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን" እያለ የሚያዳምጠው ሥራ ትልቅ ክፍሉ በዚያ በር የወጣ ነው። አምሃ የጊዜውን ሕግ ጥሷል፤ ሙዚቀኛውን ግን አልበደለም፤ እንዲያውም በር ከፈተለት። እኛ ደግሞ ተቃራኒውን እያደረግን ነው። ምናልባት ሕግ አልጣስንም፤ አንቀጽ 9 ይሸፍነን ይሆናል፤ ሙዚቀኛውን ግን እየበደልን ነው።

"ሌቦች ነን ልትል ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። ስልክህን ብሰርቅህ አንተ ስልክ አልባ ትሆናለህ፤ ዘፈን ባወርድ ግን ዘፈኑ ከባለቤቱ አይጠፋም። ስለዚህ ሌብነት የሚለው ቃል ልኩ አይደለም። ልኩ ሌላ ነው፤ ሰው አሠርቶ ደመወዙን መከልከል። ግንበኛ አጥር ሲያጥርልህ ውሎ ማታ "እግዜር ይስጥልን፣ ሥራህ ያምራል" ብለህ በባዶ እጁ ብትሸኘው ሌባ አይሉህም። ግን ስምህ ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የሠራተኛን ዋጋ አታዘግይ ብሎ አስተምሮናል። እኛ መዝሙሩንና ነሺዳውን ሳይቀር ሳንከፍል ነው የምንጭነው።

"ዘፋኙ ከኮንሰርት ያገኛል፤ እኛ ስናሰራጭለት ይታወቃል" የሚል መልስም አለ። ይህ ለዘፋኙ በከፊል እውነት ነው። ለግጥም ደራሲውስ? ለዜማ ደራሲውስ? ለአቀናባሪውስ? ይልማ ገብረአብ ግጥሙን፣ አበበ መለሰ ዜማውን የሰጧቸው ስንት ዘፈኖች በየሠርጉና በየመድረኩ ይዘፈናሉ! መድረክ ላይ የሚወጣው ግን ግጥም ጸሐፊው አይደለም። ከሽያጭ ካላገኘ ከየትም አያገኝም።

ሌላው መልስ "መክፈያ መንገድ የለም" የሚለው ነው። ይህ ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ከውጭ መተግበሪያ ምን ሊገዛ? ልጅ ሳለን ባዶ ካሴት ይዘን ማስቀዳት የለመድን ሰዎች ካሴቱ ሲጠፋ የምንገዛበት ቦታም አብሮ ጠፋብን። ኤልያስ መልካ ይህን ቀድሞ ያየ ሰው ነበር። የእዮብ መኮንንን "እንደ ቃል" ያቀናበረው ኤልያስ፣ ከኃይሌ ሩትስ፣ ከጆኒ ራጋና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አስጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አድማጩ በአገሩ ገንዘብ፣ በስልኩ፣ በትንሽ ዋጋ ዘፈን ይግዛ፤ ገንዘቡም ለሠሩት ይድረስ። ወራት ሳይቆይ በመስከረም 2012 ኤልያስ አረፈ። ያን ሰሞን ሁላችንም ፎቶውን ለጠፍን። የጀመረውን ነገር ስልካችን ላይ የጫንን ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ በዚያ ሳምንት ፎቶውን ለጥፌያለሁ፤ ዘፈን ግን አልገዛሁም።

ዛሬ ደግሞ ያ ሰበብ ይበልጥ ሳስቷል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ። ለጉልት ሻጯ በስልክ እንከፍላለን፣ ዕቁብ በስልክ እንጥላለን፣ ለታመመው ሙዚቀኛም ያዋጣነው በስልክ ነው። ለምጽዋት የሠራ ስልክ ለዋጋ እምቢ አይልም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር የገባኝ ራሴ ላይ ሲደርስ ነው። ለሳምንታት የለፋሁበትን ጽሑፍ ባንድ ሌላ ቻናል ላይ ስሜ ተቆርጦ አገኘሁት። ከሥሩ ሰው "ግሩም ነው፣ ተባረኩ" ይላል። ለቻናሉ ባለቤት ጻፍኩለት። "አመስግን እንጂ፣ ብዙ ሰው አነበበልህ" ብሎ መለሰልኝ። ተናድጄ አደርኩ። ጠዋት ኢርፎኔን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ያላወጣሁበትን ዘፈን እየሰማሁ ወደ ሥራ ወጣሁ።

ከፍሎ መስማት ለባህላችን እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ግንባሩ ላይ ብር ሳይለጥፍ የሚወጣ ሰው ስሙ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሠርግ ላይ ዘፋኙን የማይሸልም ሚዜ ይታማል። ሰውዬው ፊታችን ቆሞ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ እጃችን ራሱ ኪሳችን ይገባል። ሙዚቃው በስልክ ሲመጣ ግንባሩ አይታየንም፤ ስለዚህ እጃችንም ዝም ይላል። የጎደለብን ይሉኝታው አይደለም፤ ሰውዬውን ማየት ነው።

እኔ ለራሴ የወሰንኩትን ልንገራችሁ፤ ማንንም አላስገድድም። በወር አንድ የአገሬን አልበም ገዝቼ እሰማለሁ። ከአንድ ሁለት ማኪያቶ የሚበልጥ ነገር አይጎድልብኝም። አዲስ አልበም በወጣ ሳምንት ፋይሉን ለማንም አልልክም፤ ለሚጠይቀኝ የሚሸጥበትን እነግረዋለሁ። መግዛት የማይችል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን አልወቅስም፤ የአየር ጤናው ልጅ ይጫንለት። የምናገረው ማኪያቶ እየጠጣን "አቅም የለንም" ለምንለው ነው።

ለታመመው ሙዚቀኛ ማዋጣታችንን አንተው፤ ደግ ነገር ነው። ግን ቀጣዩ ሙዚቀኛ አሁን ጤነኛ ነው፤ አሁን ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ አልበሙ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ለእሱ የምንከፍለው መቼ ነው?

እናንተስ? የመጨረሻውን ዘፈን ገዝታችሁ የሰማችሁት መቼ ነበር? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። የማትስማሙም ጻፉ። ጽሑፉን ለሌላ ማጋራት ትችላላችሁ፤ ስሜን ብቻ አትቁረጡት።