ስለ ማር ቆራጭ ሥራ

ልጆች ሆይ፥ ማር በገበታ ላይ በቀረበ ጊዜ ጣዕሙን ሁላችን እናውቃለን፤ ከየት እንደ መጣም ብንጠየቅ «ንብ ሠራችው» ብለን እንመልሳለን። መልሱ እውነት ነው፥ ዳሩ ግን ግማሽ ነው። በአገራችን በደቡብ ምዕራብ፥ በከፋና በሸካ ደን፥ ማሩን ከንቢቱ ተቀብሎ ወደ ምድር የሚያወርድ ሌላ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም ዛፍ የሚወጣው ማር ቆራጭ ነው። ሰዎች ይህን ሰው ስለ ድፍረቱ ያመሰግኑታል። እኔ ግን ከምስጋናው ይልቅ አደጋውን ብናቀልለት ይሻለዋል እላለሁ።

አስቀድመን ሥራውን እንመልከት። ቀፎው የሚሠራው ከቀርከሃ ወይም ከተፈለፈለ ግንድ ነው፤ ርዝመቱም አንድ ሜትር ያህል ነው። ማር ቆራጩ ቀፎውን በቅጠል ይጠቀልለዋል፥ ንብ በምትወደውም ሽታ ያጥነዋል፤ ከዚህ በኋላ ረጅም ዛፍ ይመርጣል። ቀረሮ የሚባለው ዛፍ እስከ 40 ሜትር ያድጋል። ግንዱ ወፍራም ስለ ሆነ ሰው ሊያቅፈው አይችልም፤ ከሥሩ እስከ ብዙ ከፍታ ድረስም እጅ የሚይዘው ቅርንጫፍ የለውም። ስለዚህ ሰውየው ገመድ ወይም ጠንካራ ሐረግ በግንዱና በወገቡ ዙሪያ ያዞራል፤ በእግሩ ግንዱን እየረገጠ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ገመዱንም ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ እያሻገረ ይወጣል። በደከመው ጊዜ የሚያርፈው በዚያው ገመድ ላይ ተደግፎ ነው። ከላይ ሲደርስ ሌላ ገመድ ወደ ታች ይለቃል፤ ከሥር የቆመው ጓደኛው ቀፎውን ያስርለታል፥ እርሱም ይስበዋል። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣው አንድ ቀን ነው፤ ይህ ሰው ግን ስንት ቀፎ ካለው ያን ያህል ጊዜ ይወጣል፥ ማሩም በደረሰ ጊዜ እንደ ገና ይወጣል።

ማሩን መቁረጥ ቀፎውን ከመስቀል ይልቅ ያስቸግራል። በዚያ ደን ከሁሉ የተወደደው ነጭ ማር የሚገኘው ገተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ነው፤ የከፋ ሰዎች ቡቶ ይሉታል። ይህ ማር የሚቆረጠው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ በዚያ ወራት ደግሞ ዝናብ ይበረታል፥ የዛፉም ቅርፊት ያዳልጣል። ንብ በቀን ስለምትቈጣ ሥራው ብዙ ጊዜ በሌሊት ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው በጨለማ፥ በእርጥብ ግንድ ላይ፥ ጢስ የሚያወጣ ችቦ ይዞ ይወጣል። ንብ አንዱን በነደፈች ጊዜ ከመርዟ ጋር የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ንቦች ለውጊያ ይጠራቸዋል። በምድር ያለ ሰው ሮጦ ያመልጣል፤ በዛፍ ላይ ያለው ግን ወዴት ይሮጣል? እጁን ለመከላከል ያነሣ እንደ ሆነ የሚይዘውን ይለቃል። ስለዚህ እየተነደፈ ዝም ብሎ ማሩን ይቈርጣል፥ በገመድም ያወርዳል። ዐዋቂ የሆነው እጭ ያለበትን ሰፈፍ አይነካም፤ ለንቦቹም ስንቅ ይተውላቸዋል። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ ከአንድ ቀፎ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ የሚሆን ማር ነው።

«ታዲያ ቀፎውን ስለ ምን በምድር አያኖረውም?» የሚል ልጅ ይኖራል። ምክንያት አለው። በምድር ጉንዳን አለ፤ ማር የሚወድ የዱር አውሬ አለ፤ ሌባም አለ። ከዚህም ሌላ መንጋው ከፍ ያለውን ቀፎ ፈጥኖ ይገባበታል ብለው ያምናሉ። በእነዚህ አገሮች ኮቦ የሚባል የቈየ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተ ሰብ ቀፎ የሚሰቅልበትን የደን ክፍል ለይቶ የሚይዝበት ነው። ቀፎው ያለበትን ዛፍ ሰው ሲቈርጥበት ዝም ብሎ የሚያይ የለም። የከፋ ደን በ2002 ዓመተ ምሕረት፥ የሸካም ደን በ2004 ዓመተ ምሕረት በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ በዓለም ከሚጠበቁ የተፈጥሮ ሥፍራዎች ጋር ተቈጥረዋል። ደኑ እስከዚያ ቀን ቆሞ የተገኘው ከጠባቂዎቹ መካከል ማር ቆራጮች ስለ ነበሩበት ነው፤ ይህን የሚያነሣላቸው ግን ጥቂት ነው።

ሎሬንዞ ላንግስትሮት የተባለ የአሜሪካ ቄስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1852 ዓመት፥ ሰፈፉ አንድ በአንድ ከነማዕቀፉ የሚወጣበትን የሣጥን ቀፎ ሠራ። ንቦች ለመተላለፊያ የሚተዉትን ጠባብ መንገድ ለክቶ አውቆ ነበርና ንቦቹ ማዕቀፉን ከሣጥኑ ጋር አያጣብቁትም። ይህ ቀፎ በጓሮ፥ በአጭር መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው፥ ሴትም ሽማግሌም፥ ቆሞ ይሠራበታል። እኔ በዕድሜ የገፉት ማር ቆራጮች ይህን ቢይዙ እወዳለሁ። የመደቡ እግር በአመድ ወይም በውኃ ቢከበብ ጉንዳን አይወጣበትም። ሣጥኑ ውድ ነው የሚሉ አሉ፥ እውነታቸውን ነው። ቀፎ ሁሉ ወደ ጓሮ ከወረደ ዛፉን ማን ይጠብቀዋል የሚሉም አሉ፤ ይህ ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል። መልሴ እንዲህ ነው፤ በጓሮ ያለችም ንብ የምትቀስመው ከደኑ አበባ ስለ ሆነ ገተሙ ከተቈረጠ ሣጥኑም ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ባለ ሣጥኑ እንደ ባለ ኮቦው ለደኑ ይከራከር።

ወጣቶችና ብርቱዎች ግን ገና ብዙ ዘመን ዛፍ መውጣታቸው አይቀርም። ስለ እነርሱ ሦስት ነገር እመኛለሁ። ሕፃን ልጅ ወደ ዛፍ አይላክ፤ ሰውነቱ ቀላል ነው ብለው የሚልኩ አሉና። ማንም ብቻውን አይውጣ፤ የወደቀ ሰው በደን ውስጥ ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ሦስተኛው ለገዢው ነው። በገበያ ስለ ማር ዋጋ ስትከራከሩ በዋጋው ውስጥ የገመዱም ዋጋ እንዳለበት አስቡ፤ አሮጌ ገመድ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል፥ ይህን የሚያውቅ ማር ቆራጭም ሌላ መግዣ ካጣ በዚያው ገመድ ይወጣል።