የመለዋወጫ ዕቃ ልክና የነጋዴው አደራ

ንግድ የሚቆመው በሁለት ምሰሶዎች ነው፤ አንደኛው መተማመን፥ ሁለተኛው መለኪያ ነው። ሁለቱም የሚደጋገፉ እንጂ የሚቃረኑ አይደሉም። የማርያ ቴሬዛ ብር በኢትዮጵያ ገበያ ይዘዋወር በነበረበት ዘመን ነጋዴው ብሩን ሲቀበል አገላብጦ ያየው ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት ሰባቱ ዕንቊዎችና በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዘጠኙ ጐልተው መታየታቸውን ሳያረጋግጥ ወደ ከረጢቱ አይከተውም። ይህን ማድረጉ ሰጪውን ንቆ አልነበረም፤ ራሱንም ሰጪውንም ከኋላ ጠብ ለማዳን ነበር እንጂ።

የዛሬው አስመጪና ባለሱቅ ግን ከብሩ ይልቅ ለመመርመር የሚያስቸግር ዕቃ ይዞ ይውላል። ኩሽኔታው፥ ቡሎኑ፥ ፒስተኑ፥ የፍሬኑ ዕቃ ሁሉ በሚያምር ካርቶን ተጠቅልሎ፥ ዘይት ተቀብቶ፥ እያብረቀረቀ ይመጣል። ደኅናውን ከመጥፎው የሚለየው ልክ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ የራስ ጠጒር ውፍረት ያነሰ ነው። ይህን ያህሉን ዐይን አያየውም፤ ጣትም አይዳስሰውም። መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው በእውነቱ የሚሸጠው ልክን ነውና የልክ መሣሪያ በሱቁ ሊኖረው ይገባል። ነገሩ ጐልቶ የሚታይበት አንድ ሙያ አለ፤ ይኸውም የጠመንጃ ሥራ ነው።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ጠመንጃን በገዛ ቤቱ የሚገጣጥም ሰው ብዙ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ ሰው ለራሱ መገልገያ የሚሆነውን ሊሠራ ይችላል፤ ለንግድ የሚሠራ ግን በ1968 በወጣው ሕግ ፈቃድ እንዲያወጣ ይገደዳል፤ ከክፍላተ ሀገሩም አንዳንዶቹ ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ በአዋጁ ቊጥር ካለው በስተቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በኢትዮጵያ ጉዳዩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቊጥጥር አዋጅ ቊጥር 1177/2012 የሚመራ ስለ ሆነ፥ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚጠቅመው የጠመንጃው ንግድ ሳይሆን ከሙያው የሚገኘው ትምህርት ነው።

ኤ.አር. 15 በሚባለው ጠመንጃ ላይ የተሰጠው የፈጠራ መብት በ1977 ጊዜው ካለቀ በኋላ፥ ክፍሎቹን የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዙ። የቤት ሠሪው አፈሙዙን ከአንዱ፥ የጥይቱን ቤት ከኋላ የሚዘጋውን ብረት ከሌላው፥ ሰደፉንና ቃታውን ከሦስተኛው ይገዛል። ሻጮቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። የሚያገናኛቸው ሁሉም በአንድ ዐይነት ንድፍና በአንድ ዐይነት ልክ መሥራታቸው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አዋቂው ሠሪ በሻጮቹ ቃል ብቻ ተማምኖ አይተኩስም። ጥይቱ ወደ ቤቱ ሲገባ ከኋላ የሚተርፈውን ክፍተት የሚመረምርባቸው ሁለት የብረት ልኮች አሉት፤ አንዱ “የሚያልፍ”፥ ሁለተኛው “የማያልፍ” ይባላሉ። መዝጊያው በመጀመሪያው ላይ መዘጋት፥ በሁለተኛው ላይ ግን እንቢ ማለት አለበት። በሁለቱ ልኮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ክፍተቱ ከጠበበ መሣሪያው አይዘጋም፤ ከሰፋ ግን ቀለሁ ተለጥጦ ሊቀደድና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ አፈሙዙም መዝጊያውም እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ደኅና ሊሆን መቻሉ ነው። የአንዱ ጥቂት መትረፍና የሌላው ጥቂት መጉደል ሲደመር ግን ጥፋት ይወለዳል። ስለዚህ ክፍሎቹ ከተገናኙ በኋላ እንደ ገና ይለካሉ።

ልክ ብቻውንም አይበቃም። ለአሜሪካ ጦር የሚሠራው መዝጊያ በልኩ ከተሠራ በኋላ ከመደበኛው ከፍ ያለ ኀይል ባለው ጥይት ይፈተናል፤ ቀጥሎም ዐይን የማያየው ስንጥቅ እንዳይኖርበት በማግኔት ይመረመራል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ቻርተሩን ካገኘበት ከ1637 ጀምሮ ጠመንጃን የመፈተንና የማተም ልማድ ተመሥርቷል። የዚህ ማኅተም ክብር የሚመነጨው ከሻጩ ውጭ ያለ እጅ የሚያትመው በመሆኑ ነው።

አንዱን ክፍል በሌላው የመተካት አሳብም ያደገው በዚሁ ሙያ ነው። በ1785 ቶማስ ጀፈርሰን በፓሪስ ሳለ ኦኖሬ ብላን ወደሚባል ጠመንጃ ሠሪ ሄዶ፥ የ50 ጠመንጃዎች የመተኮሻ ክፍሎች ተፈታትተው በየሳጥኑ ተደርድረው አየ። እጁ እንዳገኘ እያነሣ አንዳንዶቹን ራሱ ገጠማቸው፤ ሁሉም ተስማሙ። በ1798 ኢላይ ዊትኒ የተባለው አሜሪካዊ 10,000 ጠመንጃ በሁለት ዓመት ሊያስረክብ ተዋዋለ፤ በ1801ም በባለሥልጣኖች ፊት ክፍሎቹን እያቀያየረ አሳየና ተደነቀለት። ዳሩ ግን ሥራው የተጠናቀቀው በ1809 ነበር፤ በኋላም ከጠመንጃዎቹ የተረፉት ሲመረመሩ ክፍሎቻቸው በሙሉ የሚቀያየሩ ሆነው አልተገኙም። ጆን ሆል ግን በሃርፐርስ ፌሪ ለእያንዳንዱ ክፍል የልክ መሣሪያ አበጅቶ ስለ ሠራ፥ በ1834 ሳይመን ኖርዝ በሌላ ከተማ ባለው ፋብሪካው የሠራቸው ክፍሎች ከሆል ክፍሎች ጋር ተስማሙ። ከዚህ ታሪክ ለነጋዴ የሚተርፈው ምክር ግልጽ ነው፤ ለማሳያ የተመረጠው ናሙና አንድ ነገር ነው፥ በሣጥን ተጭኖ የሚመጣው ጭነት ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ “መለኪያውን ማን ይለካው?” የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱም የተገኘው ከጠመንጃ ፋብሪካ ነው። ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሶን በስዊድን ኤስኪልስቱና ከተማ በነበረው የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበር። በ1896 ወደ ጀርመን፥ ወደ ማውዘር ፋብሪካ ተልኮ ለሥራው የሚያስፈልገውን የልክ መሣሪያ ብዛት ካየ በኋላ፥ ጥቂት የብረት ቊራጮችን እያጋጠሙ ብዙ ልክ የሚገኝበትን ዘዴ አሰበ። 102 ቊራጮች ያሉበት ስብስቡ ወደ 20,000 የሚጠጋ ልዩ ልዩ ልክ ይሰጣል። የእንግሊዝና የአሜሪካ ኢንች በጥቂቱ ይለያዩ በነበረበት ዘመን ዮሐንሶን ኢንቹን 25.4 ሚሊሜትር አድርጎ ሠራ፤ በ1959 ስድስት አገሮች በስምምነት ይህንኑ ልክ ተቀበሉ። ዛሬ በአንድ አገር የተሠራ ዕቃ በሌላ አገር በተሠራ መኪና ላይ የሚገጥመው እንዲህ ባለው ድካም ነው።

እንግዲህ ወደ ሱቁ እንመለስ ቢባል፥ ምሳሌው በየመደርደሪያው ላይ ነው። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው የዊትዎርዝ ቡሎን በአንድ ኢንች 12 ጥርስ አለው፤ ያው ውፍረት ያለው የአሜሪካ ሻካራ ጥርስ ቡሎን ግን 13 ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንታ ይመስላሉ። የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፤ ሠራተኛውም የጠበቀ መስሎት በጒልበት ይጨምርበታል፤ ጥርሱም ይላጣል። ርካሽ የሆነው የጥርስ መለኪያ ግን ልዩነቱን ወዲያው ይናገር ነበር።

6205 የሚል ቊጥር ያለው ኩሽኔታም የውስጥ ቀዳዳው 25፥ የውጭ ስፋቱ 52፥ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። በመደበኛው ደረጃ ቀዳዳው ከ25 ሚሊሜትር ሊያንስ የሚፈቀድለት 0.01 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሊበልጥ ግን ከቶ አይፈቀድለትም። ቊጥሩን ማተም ቀላል ነው፤ ልኩን መጠበቅ ግን ከባድ ነው። በአሜሪካ አገር የሐሰት ደረጃ የታተመባቸው ቡሎኖች በጦር ሠራዊት ዕቃ ላይ ሳይቀር በመገኘታቸው በ1990 የቡሎንና የመሰል ማያያዣዎችን ጥራት የሚመለከት ሕግ ማውጣት ግድ ሆኗል። እንዲህ ያለው ዕቃ በጭነት መኪና ፍሬን ወይም መሪ ላይ ሲገጠም የሚያስከትለው ጒዳት የገንዘብ ብቻ አይሆንም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ሊሰሙም ይገባል። “ገዢው የሚጠይቀው ርካሽ ዕቃ ነው” ይባላል። ርካሽ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ርካሹን በውዱ ስም መሸጥ ግን ነውር ነው። የእርሻ ጋሪ ኩሽኔታና የጭነት መኪና ኩሽኔታ አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም፤ ለየትኛው ሥራ እንደሚበቃ የሚነግር ነጋዴ ሁለቱንም በቅን ልብ ሊሸጥ ይችላል። ደግሞም “ነጋዴ መሐንዲስ አይደለም” ይባላል። የቡና ላኪም የእርሻ ሊቅ አይደለም፤ ነገር ግን ናሙናው ተቈልቶ፥ ተቀምሶና ደረጃ ተሰጥቶት ካልሆነ ዕቃው እንደማይሄድ ያውቃል። የውጭው ገዢ የኢትዮጵያን ቡና እየመረመረ ሲገዛ፥ የኢትዮጵያ ነጋዴ የውጭውን ብረት ሳይመረምር የሚቀበልበት ምክንያት ምንድን ነው?

“መሣሪያው ውድ ነው” የሚለው መቃወሚያ በከፊል እውነት ነው። ለባለሱቅ ግን አንድ ደኅና ካሊፐር፥ አንድ ማይክሮሜትርና አንድ የጥርስ መለኪያ ለመጀመሪያ ይበቁታል፤ ተመላሽ ከሚሆን አንድ ሣጥን ዕቃ ኪሣራ ጋር ሲመዛዘን ወጪው ከባድ አይደለም። የመሣሪያውን አቅም ማወቅም ያስፈልጋል። በ0.05 ሚሊሜትር የሚያነብ ካሊፐር 0.01 ሚሊሜትር የሆነውን ወሰን ሊዳኝ አይችልም፤ የልክ ባለሙያዎች መሣሪያው ከሚዳኘው ወሰን አሥር ጊዜ የረቀቀ ቢሆን ይመረጣል ይላሉ። ስለዚህ ባለሱቁ በመሣሪያው የጐላውን ጒድለት ይይዛል፤ የረቀቀውን ለባለሙያ ያስተላልፋል።

ሙቀትም አይዘነጋ። የልክ መሠረት የሆነው ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ በጥቂቱ የሚበልጥ ያህል ይረዝማል። በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የዋለን ዕቃ ወዲያው መለካት ያሳስታል፤ ዕቃውና መሣሪያው በአንድ ክፍል አብረው ካደሩ በኋላ መለካት ይሻላል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይጠቅማል። አንደኛ፥ የትእዛዝ ደብዳቤ የዕቃውን ስምና ዋጋ ብቻ ሳይሆን ልኩን፥ የሚፈቀደውን ወሰንና የደረጃውን ቊጥር ይጻፍበት። በኤል.ሲ. ሲከፈል ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ስለዚህ ከሻጩ ውጭ የሆነ መርማሪ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ክፍያ ከሚጠየቅባቸው ሰነዶች ጋር እንዲቀርብ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ክርክር እምብዛም አይረታም።

ሁለተኛ፥ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመካከልና ከሥርም እየተነሣ ይለካ፤ ውጤቱም ከቀኑና ከፋክቱሩ ቊጥር ጋር በመዝገብ ይጻፍ። የሁለት ዓመት መዝገብ ያለው ነጋዴ የትኛው ላኪ ቃሉን እንደሚጠብቅ በወሬ ሳይሆን በቊጥር ያውቃል።

ሦስተኛ፥ የልክ መሣሪያው ራሱ በየጊዜው በሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወይም ፈቃድ ባለው ሌላ ላቦራቶሪ ይፈተሽ። ለብቻቸው አቅም የሌላቸው ባለሱቆች ደግሞ በምክር ቤታቸው አማካይነት ተባብረው አንድ የጋራ የልክ ክፍል ቢያቋቁሙ፥ ወጪው ለእያንዳንዱ ትንሽ፥ ጥቅሙ ግን ለሁሉም ይሆናል።

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይባላል። ዕቃው ከጒምሩክ ወጥቶ ገዢው በር ላይ በቆመበት ሰዓት ስለ ልክ ማሰብ ሲሮጡ መታጠቅ ነው። አሜሪካዊው የቤት ሠሪ ልኩን ሳያረጋግጥ የማይተኩሰው ጥፋቱ በገዛ ፊቱ ላይ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። መለዋወጫ ሻጩ ግን ጥፋቱ የሚደርሰው በሌላ ሰው ላይ፥ ምናልባትም በሩቅ መንገድ ላይ፥ ስሙን እንኳ በማያውቀው ሾፌርና ተሳፋሪ ላይ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ከቤት ሠሪው ጥንቃቄ ሊበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባውም።